መርቂልኝ!

በአገራችን ሰው ይመረቃል፣ መንገድ ይመረቃል፣ ሽንኩርትም ይመረቃል። ከሦስቱ በተመረቀበት ቀን ሥራ የሚጀምረው ሽንኩርቱ ብቻ ነው።

አዳማ ላይ ቆሞ ዙሪያ ገባውን ለሚቃኝ ሰው የተመረቀ ነገር በየአቅጣጫው ይታየዋል። ሽቅብ ቢያይ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች ክንፋቸውን ያሽከረክራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ 34ቱ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ተከታዮቹ 102ቱ በ2015 ተመርቀዋል። ወደ አዲስ አበባ ቢዞር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባለ ስድስት መስመር የክፍያ መንገድ አለ፤ እሱም በ2014 ተመርቋል። የባቡሩ ነገር ግን ይለያል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ጅቡቲ ላይ ድጋሚ ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ሁለቴ ተመርቆ ዓመት ያህል መደበኛ ሥራ ያልያዘ ባቡር በሚያልፍበት ከተማ ስለምንኖር፣ የጎረቤት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቤት ሲውል ብዙም አንደናገጥ። እናቱ ሲያማርሩ "ባቡሩም እኮ እንዲህ ነበር" ብለን እናጽናናቸዋለን።

እንዲህ በየቦታው የሚገባ ቃል እንግሊዝኛም አለው። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ተማሪዎቹ "ግሬስ" የሚለውን ቃል አንሥተውበት ክፍለ ጊዜው እንዳለቀበት አጫውቶኛል። ቃሉ አንድ ቦታ አይረጋም። ማዕድ ላይ ሲቀርብ ከመብላት በፊት የሚባለው ጸሎት ነው፤ መንገድ ሲወጣ የአካሄድ ሞገስ፤ ባንክ ሲገባ የብድር እፎይታ ጊዜ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም የእግዚአብሔር ጸጋ፤ እንግሊዝ አገር መስፍን ፊት ሲቆም "ክቡርነትዎ"። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሴት ልጅ ስም ይሆናል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ከያዘ እኛ እንዴት ሥራ እናገኛለን?" አለ አሉ።

ወዳጄ አቻ ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ አመሸ። እኔ ብሆን ልጆቹን ሰብስቤ ገበያ እወርድ ነበር።

የሰፈራችን ሰው ሁሉ "እትዬ" ብሎ የሚጠራቸው ጎረቤት አሉን። ቲማቲም ሲገዙ አጠገባቸው መቆም ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃሉ። ሻጯ ትናገራለች። እትዬ እንዳልሰማ ሆነው ወደ ሌላ መደብ ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ፤ ሦስተኛውን አይራመዱም። "ይምጡ እማዬ፣ አምስት ብር ልቀንስልዎት" ትላለች ሻጯ። ቲማቲሙ አንድ በአንድ ተመርጦ ሚዛን ላይ ይወጣል። መርፌው ኪሎው ላይ ይረጋል። እትዬ ከመቀነታቸው ፈትተው ይከፍላሉ። እስከዚህ ያለው ንግድ ነው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛው ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እትዬ የፌስታሉን አፍ አይዘጉም። ሁለቱን ጆሮዎች በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከፍተው፣ ይቆማሉ።

"በይ እንግዲህ መርቂልኝ።"

ሻጯ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነች "ደበሊ እንጂ" ይሏታል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢባል የሚገባው ያው ፌስታል ውስጥ ነው።

"ከስሬ እኮ ነው የሰጠሁዎት፣ እማዬ።"

"መክሰሩንስ አይስጥሽ፤ በይ።"

የሻጯ እጅ ክምሩ ላይ ይንሳፈፋል። ትልቁን ቲማቲም ያልፋል፣ መካከለኛውን ያልፋል፣ ጎኗ የተሰነጠቀ አንዲት ፍሬ ላይ ያርፋል። ፌስታሉ ውስጥ ጠብ። እትዬ ቲማቲሟን ያያሉ፤ ሻጯን ያያሉ፤ ምንም አይሉም። ፌስታሉም አልተዘጋም። ሻጯ ሳቋ እያመለጣት ከጎኗ አራት ቃሪያ ታነሣለች፤ ከአራቱ አንዱን መልሳ ታስቀምጣለች። ሦስቱ ሲገቡ ፌስታሉ ይዘጋል።

ሥርዓቱ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ምርቃት ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ከተመዘነ ሽያጭ ሆነ። ሳይከፈል አይነሣም፤ ከተነሣ የዋጋ ክርክር ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይለመናል እንጂ አይታዘዝም። "መርቂልኝ" ያለ ሰው ደንበኛ ነው፤ "ምርቃቴን ስጪኝ" ያለ ቀማኛ ነው። ሻጯ የመስጠት ግዴታ የለባትም፤ ገዢዋም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ ሳይመረቅ ቢቀርስ? ኪሎው ልክ፣ ቲማቲሙ የበሰለ፣ ዋጋው የተስማሙበት ሆኖ ሳለ እትዬ እንደ ተዘረፈ ሰው ሆነው ይመለሳሉ። "ያቺ ልጅ ለካ ክፉ ኖራለች!" የሚለው ወሬ ገና ሳይመሽ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሰው የሚገባው ሲቀርበት አቤት ይላል፤ የማይገባው ሲቀርበት ነው የሚያኮርፈው።

የኑሮ ውድነት የሚያሰሉ ባለሙያዎች የሸቀጥ ዝርዝር ይዘው ከሚዞሩ እትዬን ቢጠይቁ ይቀላቸው ነበር። ዋጋ ከመናሩ በፊት ምርቃት ይመነምናል። መጀመሪያ ከዝርዝሩ የወጣው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት የሚመርቅ ነጋዴ ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል። ቀጥሎ ቀይ ሽንኩርት ከሁለት ፍሬ ወደ አንድ ወረደ፤ አንዱም ቆይቶ "ያው ትንሿን" ሆነ። ቲማቲም ከሙሉው ወደ ስንጥቁ ተዛወረ። እስካሁን በአቋሙ የጸናው ቃሪያ ነው። እትዬ እንደሚሉት ቃሪያ መመረቅ የቀረ ዕለት አገሩም የለ።

ሚዛኑም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እህል በቁና፣ በጣሳ ሲሰፈር ክምር የሚባል ነገር ነበር። ጣሳው ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ አፉ ላይ የሚቆለለው ነው። ሰፋሪው በመዳፉ ዙሪያውን እየደገፈ ይከምራል፤ ገዢው ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ አንዲት ፍሬ ከጫፉ ስትንከባለል ሁለቱም "ውይ!" ይላሉ። ጣሳው ዋጋ ነበረው፤ ክምሩ ግን የሰፋሪው ልብ ነበር። ሚዛን መጣና ክምሩን አስቀረው። ሚዛን አይዋሽም ይባላል። (የሚዋሽ አለ፤ የእሱን ጉዳይ ለሌላ ቀን።) እውነተኛው ሚዛን ግን አይዋሽም፤ አይመርቅምም።

እንግሊዞችም በጊዜያቸው ነገሩን ያውቁት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዳቦ አጉድሎ የሸጠ ጋጋሪ በሕግ ይቀጣ ስለነበር፣ ጋጋሪዎቹ ቅጣቱን ፈርተው ለአንድ ደርዘን 12 ሳይሆን 13 ዳቦ ይሰጡ ነበር ይባላል፤ "የጋጋሪ ደርዘን" ሲሉ እስከ ዛሬ 13 ማለታቸው ነው። እነሱ ዳኛ ፈርተው ጨመሩ፤ የእኛዋ ሻጭ የእትዬን ዝምታ ፈርታ ትጨምራለች። የትኛው እንደሚያስፈራ እሳቸው ፊት ቆሞ ያየ ያውቃል።

በዚህ ዘመን ደግሞ በስልክ የሚመጣ ምርቃት አለ። ካርድ ስትሞላ "ይህን ያህል ደቂቃ ተጨምሮልዎታል" ይልሃል፤ ቀጥሎም "እስከ እኩለ ሌሊት ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል" ይልሃል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ያማትባሉ። ሦስት ቃሪያ ሰጥታ "እስከ ማታ ካልበሉት እሳት ይብላው" ያለች ሻጭ አላጋጠመቻቸውም። ቢሆንም ሲቃጠል ዝም ብለው አያዩም፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ተነሥተው ለዓመታት ላልጠየቁት ዘመድ ሁሉ ይደውላሉ። የሞተ ሰው ያለ መስሎት ደንግጦ ሲያነሣ፣ "ደህና ነን፣ ደቂቃው እንዳይባክን ብዬ ነው" ይሉታል።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ቆቃን አልፎ መቂ ሲደረስ ገበያው ራሱ መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ በአባዱላ ወደ ባቱ ስንሄድ መቂ ላይ ቆምን። ልጆች ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፓፓያ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ቲማቲም ገዛች፣ ከፈለች፤ ረዳቱ "ሳበው!" ብሎ በሩን መታ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው የረሳችው ትዝ ያላት። አንገቷን በመስኮት አውጥታ "መርቂልኝ!" አለች።

ሻጯ ከአሥራ ሁለት ዓመት አትበልጥም። ሮጠች። ከመኪናው ጎን እየሮጠች አንድ ቲማቲም ወረወረች። ቲማቲሙ በመስኮት ገባ፤ ሴትዮዋን አለፈ፤ ከኋላ ጋቢ ለብሰው የሚያንቀላፉ ሽማግሌ ጭን ላይ አረፈ። ሽማግሌው ነቁ። ቲማቲሙን አዩ፤ ወደ ላይ አዩ፤ "ተመስገን" ብለው ገመጡት።

"አባባ፣ የኔ እኮ ነው" አለች ሴትዮዋ።

"ከፍለሽበታል?"

"ምርቃቴ ነው።"

"ምርቃት ከሆነማ ለወረደበት ነው፣ ልጄ።"

አባዱላው ለሁለት ተከፈለ። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ባለ ከረባት፣ የተጨመረው በኪሎው ምክንያት ስለሆነ ኪሎውን ይከተላል ብሎ ብያኔ ሰጠ። አንዲት እናት "ልጅቷ የሮጠችው ለሷ ብላ ነው፤ ሩጫውስ አይቆጠርም ወይ?" አሉ። ከወዲያ በኩል "ሩጫው ለሷ ነበር፤ አወራወሩን ያቃናው ግን ሌላ ነው" የሚል ድምፅ መጣ፤ ብዙዎች "እውነት ነው" አሉ። ረዳቱ ሁሉንም በጥሞና ከሰማ በኋላ ፈረደ፦ "ቲማቲሙ ሒሳብ አልከፈለም፤ ትርፍ ነው። ትራፊክ ሳያየን ቶሎ ይበሉትና ይጨርሱት።"

ባቱ ደርሰን ደንበል ሐይቅ ዳር ስንወርድ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ያጸዳሉ። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በሙሉ ቁመቱ ቆሞ ይጠብቃል። አይለምንም፣ አይጮኽም፣ አያመሰግንም፤ የተወረወረለትን ሆድ ዕቃ ይውጥና ካለበት ንቅንቅ አይልም። ምርቃት ለወረደበት ነው በሚለው ሕግ የሚያድር ፍጡር መሆኑ ያስታውቃል።

ነገሥታትና መንግሥታትም ይመርቃሉ፤ የእነሱ ግን ቃሪያ አይደለም። አዳማ ስም ተመርቆላታል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ "ናዝሬት" አሏት። የራሷ ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ የተመለሰላት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ዋና ከተማነት ተጨመረላት፤ በ2005 ደግሞ ዋና ከተማነቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እንዲህ ሲሰጡና ሲወስዱ እኛ ሁሉንም ይዘን ቀረን፤ ዛሬም "አዳማ፣ አዳማ!" እየተባለ በተሳፈረ መኪና ውስጥ "ናዝሬት ስንደርስ ቀስቅሰኝ" የሚል ሰው አይጠፋም።

ትልቁ ምርቃት ግን ሻሸመኔ ላይ ነው የወረደው። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ለቆሙ፣ በምዕራቡ ዓለም ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ 200 ሄክታር፣ በእኛ አለካክ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሻሸመኔ የምትባል ከተማ መኖሯን እንኳ ሳያውቅ ርስት ወጣለት። ከጃማይካና ከሌሎችም የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ሰዎች ሰፈሩ፤ ቦታውም "ጃማይካ ሰፈር" ተባለ። ቀጥሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና የገጠሩ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለሰፋሪዎቹ በኋላ ጥቂቱ ተመለሰላቸው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ መታወቂያ እንዲሰጣቸው መወሰኑ ተነገረ። መሬቱ ከተመረቀ ወደ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው መታወቂያው የመጣው። የመንግሥት ምርቃት ከገበያ ምርቃት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ሻጯ አንዴ ፌስታል ውስጥ የጣለችውን ተመልሳ አትቆጥርም።

ወደ ቤት ስንገባ ደግሞ ቡና አለ። አቦል ለቡናው ነው፣ ቶና ለወሬው ነው፤ ሦስተኛው ግን ስሙ በረካ ነው። ያው ዱቄት ነው፣ ውኃ ብቻ ተጨምሮበታል። ቀለሙን ያየ እንግዳ ሻይ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ግን በረካን ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው የለም፤ ቢነሣ "ምን አስቀይመነው ይሆን?" ይባላል። ቁም ነገሩ ሁሉ የሚወጣውም በዚህችው ቀጭን ሲኒ ላይ ነው። እትዬ ዘንድ ገንዘብ ሊበደር የመጣ ሰው በአቦል ስለ ዝናቡ ያወራል፣ በቶና የልጆቻቸውን ጤና ይጠይቃል፣ በረካ ሲቀዳ ጉሮሮውን ይጠርግና "እንደው እትዬ..." ይላል። እሳቸውም ያውቁታል፤ ከአቦል ጀምሮ ያውቁታል። ወር እንደሞላ ይከፍል ዘንድ ይሰጡታል። ወር ሞልቶ ሳይከፍል ሲመጣ ደግሞ ቡና ያፈሉለታል። ባንክ ለዚህ ውል አለው፤ የእፎይታ ጊዜ ተብሎ ቀኑም ወለዱም ተጽፎ ይፈረማል። የእትዬ እፎይታ አይጻፍም፤ ያ ሰውዬ ግን ቡናው በተፈላ ቁጥር አንገቱን እንደደፋ ነው።

ከቡናውም ከማዕዱም በኋላ ሽማግሌ ይመርቃል። ምርቃት ጥበብ ነው፤ ዘመኑንም ይከተላል። አንድ ሠርግ ላይ የመረቁ አባት ከጥንቱ ጀመሩ፦ "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ!" እሳቸው የተናገሩት ስለ እህል ነበር፤ "ቃሙ" የሚለውን ሲሰሙ ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ግን ያሰሙት አሜን ዳሱን ነቀነቀው። ሽማግሌው በአቀባበሉ ተደስተው ቀጠሉ፦ "ኮንዶሚኒየም ይውጣላችሁ፤ ዲቪ ይድረሳችሁ፤ መብራት አይጥፋባችሁ!" የመጨረሻዋን ሲሉ ተርባይኖቹ ከኮረብታው ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ወጡ በረደ፤ ጥሬ ሥጋው ብቻ ሳይጎዳ ቀረ። ማንም ግን "ያሳጥሩልን" አላለም። የማንከፍልበትን ነገር ማሳጠር ነውር ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ይህ ነገር ወደ ሕዝብ ያድጋል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ዳር ኢሬቻ ሲከበር፣ እርጥብ ሣርና አበባ የያዘ እጅ ሐይቁን ይከባል። አባቶች ሐረግ በሐረግ ይመርቃሉ፤ ሕዝቡ "ሀ ተኡ!" ብሎ ይቀበላል፤ ይሁን ማለት ነው። ከአዳማ የሚሄደው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ነው መኪና የሚይዘው። ሌላ ጊዜ ወረፋ ላይ የሚጣላ ሕዝብ የዚያን ዕለት የሚሄደው በዋናነት ሊያመሰግን ነው፤ ክረምቱ አልፎ ብራ ሆኗልና። ዝናቡን ማንም አልከፈለበትም፤ የደረሰኝ ቁጥርም የለው። ምላሹ ሣር ነው፤ ሣሩንም ያበቀለው ያው ዝናቡ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ የትኛው ኦዲተር ይዘጋዋል?

ስለት ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል በአዳማ በኩል የሚያልፈው የመኪና ሰልፍ ውስጥ የተሳለ ሰው ሞልቷል፦ ልጅ ከሰጠኸኝ ጃንጥላ አመጣለሁ፣ ፈተና ካለፍኩ ሻማ። ይህ ንጹሕ ውል ነው፤ ሁለቱም ወገን ግዴታ አለበት። ሰው ስለቱን ሳያስገባ ሲቀር እንቅልፍ የሚያጣው ለዚህ ነው። ያለ ስለት የተደረገለትን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል?

በገንዘብ የሚገዛ አንድ ምርቃት አለ፤ እሱም የጫት ምርቃና ነው። ከምሳ በኋላ በርጫው ይጀመራል፤ ለውዙ፣ ውኃው፣ ኮካው ይደረደራል። ስምንት ሰዓት ላይ ወሬው ስለ ኳስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለ አገር ይሆናል። አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እዚህ ጋ ነው ምርቃናው የሚገባው። አንዱ አዋሽ ዳር ሐብሐብ አልምቶ ዱባይ ይልካል፤ ሌላው ሶደሬ መንገድ ላይ ሆቴል ይገነባል። ሆቴሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ለጓደኞቹ በነጻ ክፍል ይመርቃል፤ "አንተ ሁለተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊቱ ሐይቅ ያለበትን ያዝ" ይላል። ሶደሬ ወንዝና ፍል ውኃ እንጂ ሐይቅ የላትም። በምርቃና ግን ሐይቅ ይመረቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሆቴሉ ይፈርሳል፤ ባለቤቱ ለባጃጅ የምትሆን ሃያ ብር ይበደራል፤ ከዚያ ጨብሲ ፍለጋ ይወጣል። ሦስት ቃሪያ ሌላ ሰው ካልሰጠህ አታገኘውም፤ ምርቃና ግን ራስህን በራስህ መመረቅ ስለሆነ አሜን የሚልልህ የለም።

እትዬም ለዚህ ነው ሁልጊዜ ወደ አንዷ ሻጭ የሚመለሱት። ከእሷ የሚረክስ መደብ ሞልቷል። ከእሷ የሚሻል ቲማቲምም አለ፤ ራሳቸው ይናገሩታል። ግን ሒሳባቸው አልተዘጋም። ስንጥቋ ቲማቲም እና ሦስቱ ቃሪያ ያልተከፈለባቸው ስለሆኑ እትዬ የሆነ ነገር ያለባቸው ይመስላቸዋል፤ ሻጯም ሰው እንዳላት ይሰማታል። ልኩን ከፍሎ ልኩን የተቀበለ ሰው "ቻው" ብሎ ይሄዳል፤ ተመልሶ ለመምጣት ምክንያት የለውም። ከተማ በደረሰኝ ብቻ ቢገበያይ ሁላችንም በየቀኑ እንግዳ ለእንግዳ እንሆን ነበር።

ደግሞ ሻጯም ባዶ እጇን አትቀርም። ባለፈው ሰሞን ፌስታሉ ከተዘጋ በኋላ "እርስዎስ አይመርቁኝም እንዴ?" አለቻቸው። እትዬ ፌስታሉን መሬት አስቀምጠው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። አልሰሰቱም። ገበያሽ ይድራ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የጎንሽን መደብ ተከራይተሽ ሁለት ያድርግልሽ አሉ። ልጅቷ ለእያንዳንዱ አሜን አለች። ከአጎራባች መደብ ያሉትም በነጻ ስለሆነ አብረው አሜን አሉ። ሲያበቁ ልጅቷ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አሜን እማዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ከነገ ጀምሮ ግን ኪሎው ላይ አሥር ብር ተጨምሯል።"

እትዬ ፌስታሉን ሊያነሡ ያጎነበሱበት ቀጥ አሉ።

"እንዲያ ከሆነ ምርቃቴን መልሺልኝ!"

"እርስዎ መጀመሪያ ቃሪያዬን ይመልሱ።"